ገበዝ ሙጬ ያልናዱት ጋራ

ገበዝ ሙጬ መሞታቸውን የነገረኝ ሰው ሊነግረኝ አስቦ አልነበረም። ዳንግላ አውቶቡስ ስጠብቅ ከጎኔ የተቀመጠ የበርበሬ ነጋዴ ስለ መንገድ ሲያማርር ቆየና፣ ወደ ቆሰበር ሲኬድ ረግረጉን የሚዞረውን ጠመዝማዛ እየረገመ፣ «ጋራውን በጸሎት የናዱት ገበዝ ባለፈው ጥር አረፉ፤ ከእንግዲህ መንገድ ሠሪዎቹን ማን ይከለክላቸዋል፣ ተመልሰው ይቆፍሩት ይሆናል» አለኝ። ለቅሶው ሦስት ቀን እንደፈጀ፣ ከግምጃ ቤት ከተማ ድረስ ፈረሰኛ እንደመጣ፣ ከመግነዛቸው ላይ ክር እየመዘዘ ለበረከት የወሰደ ሰው እንደነበረ ጨመረልኝ። ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። አላውቃቸውም፣ ግን የማያውቃቸው ማን አለ፣ አለኝ።

እኔ ዐውቃቸዋለሁ። በቀብራቸው ላይ ከተደረገው ሁሉ አንዱንም አይወዱትም ነበር። ጋራውንም አልናዱትም።

ስለ ሞተ ሰው መጻፍ አልወድም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኛው ሟቹን በኖራ ቀብቶ ጸሐፊውን በሟቹ ጥላ ሥር የሚያሳርፍ ነው። ሟቹ ደግ ነበር፣ ጸሐፊውም ደግነቱን ለማየት የበቃ ሰው ነበር፤ አንባቢ በሁለቱም ይጽናናል። ከዚህ ጽሑፍ የሚጽናና ሰው ካለ ሳያነበው የተወው ነው።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከሚካኤል ጋራ ሥር በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ተላክሁ። ጋራው ከዳንግላ ወደ ቆሰበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በገበሬ ማሳ መካከል ብቻውን የቆመ ክብ ጉብታ ነው። አናቱ ላይ ዕድሜውን ማንም በትክክል የማያውቀው ደብር አለ፤ ግንቡ ከድንጋይ፣ የውስጡ ሥዕል ከጢስ ብዛት የጠቆረ፣ ዙሪያው በትልልቅ ጽድ የተሸፈነ። በደረስሁ በሁለተኛው ቀን አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው መጡና ከክፍሉ በር ላይ ቆመው ምን እንደማስተምር ጠየቁኝ።

«ጂኦግራፊ» አልኳቸው።

«የማንን አገር?»

የሰቀልሁት ካርታ የአውሮፓ ነበር። ገበዝ ሙጬ ናቸው። ካርታውን አንድ ጊዜ ተመለከቱና፣ «ሰማያዊው ውኃ ነው?» አሉ። አዎን አልኳቸው። «ጥሩ ነው፤ ውኃው ከላይ የሚታይበት አገር» አሉና ሄዱ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ገበዝነት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት፣ ቅጥሩንና መቃብሩን የመጠበቅ ሥራ ነው። ከዚያ በቀር ገበሬ ነበሩ፤ ገብስና ድንች ያመርቱ ነበር። ከበሬያቸው ጋር በአገውኛ፣ ከመንግሥት ጋር በአማርኛ፣ ከእግዚአብሔር ጋር በግዕዝ ይነጋገሩ ነበር፤ ከሦስቱ የሚመልስላቸው በሬው ብቻ እንደሆነ ራሳቸው ነግረውኛል። ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። ሰኞ የጠየቅኸውን ረቡዕ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙህ፣ ወሬው ያልተቋረጠ ይመስል ከመካከሉ ይጀምሩልሃል። አንድ ጊዜ የዘመን አቆጣጠር ጠይቄአቸው በአራተኛው ቀን፣ በገበያ መካከል፣ ጨው እየገዛሁ ሳለ ከኋላዬ መጥተው መለሱልኝ። ጨው ሻጯ እኛ ሁለታችን ያበድን መስሏት ነበር።

አንድ ሌላ ጠባይ ነበራቸው። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ፣ ለኅብስት የሚሆነው ስንዴ ከሚፈጭበት ጎጆ ኋላ ማለቴ ነው፣ ሣር የለበሰ ሜዳ አለ። ሁሉም ሰው አቋርጦት ያልፋል። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ዞረውት ነው የሚሄዱት፤ ዝናብ እየመታቸውም ቢሆን ዞረውት። መቃብር የሚያስቆፍሩት እሳቸው ስለሆኑ እዚያ ቦታ ሰው ተቀብሮ አያውቅም። አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ለአባታቸው ያንን ሜዳ ሲለምን ድንጋይ ነው፣ አይቆፈርም አሏቸው። ልጆቹ ዶማ አምጥተው አፈር መሆኑን አሳዩዋቸው። ገበዝ ሙጬ ዶማው ባረፈበት ቦታ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። «ከእኔ በላይ ቅበሩት» አሉ። ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ቀበረ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሰላም አላላቸውም። በልቤ የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ አለፍሁት።

ዘንገናን አብረን አንድ ጊዜ አይተነዋል፤ የዘመድ ተዝካር ነበረባቸውና አብሬአቸው ሄድሁ። ከሐይቁ አፋፍ ላይ ቆመን ስለ እሳተ ገሞራ ካነበብሁት አስረዳኋቸው። ትዕግሥት አድርገው ሰሙኝ። ከዚያ ያን ክብ ጥቁር ውኃ በበትራቸው እያሳዩ፣ «ይኸም ጋራ ነበረ ይላሉ። መሬት የቆመ ይመስልሃል እንጂ ውስጡን አታውቀውም» አሉ። እኔ የምላቸውን የደገሙልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማስተማር እንዲህ ነው፤ ከአንተ በላይ የሚያውቅን ሰው አስተማርሁት ብለህ ትተኛለህ።

መንገዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያኔ የነበረው መንገድ ረግረጉን ይዞር ነበር፤ በክረምት የጭነት መኪና እስከ ጎማው ተውጦ ሳምንት ይከርማል። የመጣው ፈረንጅ መሐንዲስ ረግረጉን በድንጋይ መሙላት ብዙ ያስወጣል አለ። ጋራውን ከላይ መቁረጥም አልፈለገም፤ ደብሩን ሦስት ጊዜ ገብቶ አይቶታል፣ ሥዕሉን በወረቀት ገልብጧል፣ ጥንታዊ ነገር የሚያከብር ሰው ነበር። ስለዚህ በመካከሉ መንገድ አገኘ። ደብሩ አይነካም፤ ጋራው ከሥሩ ይበሳና መኪናው በዋሻ ያልፋል። ያን ደብር ሊያጠፋው የነበረው ቅርስ አክባሪነት መሆኑን እስካሁን አልረሳሁም።

እዚህ ላይ ያኔ የማላውቀውን አሁን ልናገር፤ አንባቢን ማንጠልጠል የማልወደው ጥበብ ነው። በጋራው ውስጥ ጥንታውያን የፈለፈሉት፣ ሦስት ትልልቅ ጎጆ የሚውጥ ባዶ ቦታ ነበር። በጠላት ዘመን የደብሩ አለቃ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆነው መጻሕፍቱን፣ መስቀሎቹንና የአገሩን እህል እዚያ ሸሸጉ። አፉን በድንጋይ ደፍነው፣ አፈር መልሰው፣ ሣር ተከሉበት፤ ገበዝ ሙጬ የሚዞሩት ሜዳ ይህ ነው። አለቃውም ሦስቱን ሰዎች በቃል የነገረ፣ በጽሑፍ ያሰፈረ፣ በጣት ያሳየ የተወገዘ ይሁን ብለው ገዘቱ። ጠላት ሲወጣ ዕቃው ወጣ፤ ሸሽጎ ያቆየው ሩቅ ገዳም ነው ተብሎ ተነገረ። ቦታው ግን ለሌላ ክፉ ቀን ተብሎ ተደብቆ ቀረ። አለቃው ግዝቱን ሳይፈቱ ሞቱ። አንደኛው ሰው በወባ ሞተ፤ ሁለተኛው አርጅቶ ሞተ። ሦስተኛው ገበዝ ሙጬ ናቸው። የገዘተው ሰው ከሞተ የሚፈታ ጳጳስ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ይህንንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንደ ስማቸው ያውቁታል።

የአውራጃው ገዥ ሕዝቡን ሰብስቦ መሐንዲሱ እንዲያስረዳ አደረገ። ስብሰባው ከጋራው ሥር፣ በዋርካው ጥላ ነበር። ነጋዴዎቹ ከቆሰበርና ከዳንግላ መጥተው መንገዱን ደገፉ። ገበሬው በሙሉ ተቃወመ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲናገር ጀርባዬን ያሳክከኛል፤ ያኔም ያሳክከኝ ነበር። በአካባቢው ፊደል የቆጠረ ተብዬ አስተያየት እንድሰጥ ሲጋብዙኝ የገበሬው ወገን ነው ብሎ የጠበቀኝን ሁሉ አሳፍሬ ለዋሻው ተናገርሁ። ምክንያቴ መንገዱ አልነበረም። ምክንያቴ ሕዝቡ በሙሉ ተስማምቶ መገኘቱ ነበር።

ገበዝ ሙጬ ተነሥተው በትራቸውን ተከሉና ለገዥው እጅ ነሡ። ሚካኤል ከእግሩ ሥር መኪና ሲያልፍ ዝም ብሎ እንደማያይ ተናገሩ። እኔም ሚካኤል ክንፍ እንዳለው፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍም ማንም እንዳልነገረን አስረዳሁ። ሰው ፈራ ተባ እያለ ሳቀ። ገበዝ ሙጬ ቀጥለው ሙታን ይረበሻሉ አሉ። እስከ መጨረሻው መለከት የተኛ ሰው በመኪና ጡሩምባ አይነሣም አልሁ። አሁን ሳቁ ደመቀ። ሦስተኛ ጠበሉ ይደርቃል አሉ። መሐንዲሱ በአስተርጓሚው በኩል ጠበሉ በጋራው ሌላ ጎን መሆኑን ገለጸ።

ገዥው አዘነላቸው መሰለኝ። «ገበዝ፣ ሌላ ምክንያት አለዎት?» አላቸው።

«አለኝ።»

«ምንድን ነው?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በትራቸውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ አዛወሩ።

«አለኝ» አሉ እንደገና።

ከኋላ አንዱ፣ «አያ ገበዝ፣ እስከ ረቡዕ ታገሡኝ በሉ እንጂ» ሲል ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ሁላችንም ያየነው ምክንያት ያለቀበት ሽማግሌ ነው። እሳቸው ግን አሥራ አምስት ቀን ስጡኝ፣ የምጠይቀው ሰው አለ፣ ብለው ለመኑ። ማንን እንደሆነ ሲጠየቁ ዝም አሉ። ገዥው አንድ ሳምንት ሰጣቸውና ከእንግዲህ አቤቱታ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይቀበል አስታውቆ ስብሰባውን በተነ።

የአገሩ ሰው ከመንግሥት ጋር ሲነጋገር አንድ ልማድ አለው። እውነተኛውን ምክንያት አይነግረውም፤ መንግሥት ሊሰማው ይችላል ብሎ የገመተውን ምክንያት ይሰጠዋል። ዘመናት ያስተማሩት ብልህነት ነው፣ አልነቅፈውም። ክፋቱ አንድ ቀን እውነተኛውን መናገር ሲያስፈልግ በሐሰተኞቹ ወረፋ መጨረሻ ላይ የሚቆም መሆኑ ነው። ገበዝ ሙጬ ሦስት ምክንያት አቃጥለዋል፤ እኔ ሁለቱን በማፍረሴ በአገሩ ስሜ ተነሥቷል።

በማግስቱ ኑግ በጫነ መኪና ላይ ተሰቅለው ወደ ጳጳሱ መንበር ደብረ ማርቆስ ሄዱ። በሶ በከረጢት፣ ቁልፉ በአንገታቸው። ጳጳሱ ለጉባኤ አዲስ አበባ ሄደዋል ተባሉ። ስድስት ቀን በአጥሩ ሥር ተቀመጡ። በሰባተኛው ቀን የጽሕፈት ቤቱ ሰው ጠርቷቸው ግዝቱ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። ያንን መናገር ራሱ ግዝቱን ማፍረስ ነው አሉ። እንግዲያው ጉዳዩን ይጻፉ አላቸው። መጻፍም እንደዚያው ነው አሉ። ሰውዬው ያልተነገረ ነገር እንዴት እንደሚፈታ አያውቅም ነበር፤ እኔም አላውቅም። በደብዳቤ የሚሠራ ቤት ለእንዲህ ያለ ችግር መስኮት የለውም። ሲመለሱ ጋራው በሁለት በኩል ተጀምሮ ነበር፤ ከቆሰበር በኩል ያለው ቀዳዳ ሰው ቆሞ የሚገባበት ያህል ገብቷል።

ወደ መሐንዲሱ ሄዱ። ዘበኛው ያውቃቸዋል፤ የስብሰባው ዕለት አብሮ ስቋል። ደብዳቤ ይዘው ካልመጡ እንደማያስገባ ነገራቸው። ደብዳቤ የሚጽፍ ደግሞ በዚያ አገር አንድ ሰው ነበር።

ማክሰኞ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ተማሪዎቹን አሰናብቼ ደብተር ሳርም ገበዝ ሙጬ በሩ ላይ ቆሙ። እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ አልኳቸው። ጫማቸውና የጋቢያቸው ጫፍ አቧራ ለብሷል።

«አልገባም። የምነግርህን ከነገርሁህ በኋላ የተወገዝሁ ሰው ነኝ። ቤትህን አላረክስም» አሉ።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ስለ ባዶው ቦታ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ሦስቱ ሰዎች፣ ስለ ደብረ ማርቆስ። በተናገሩ ቁጥር ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ፤ ሲጨርሱ የበሩን መቃን ይዘው ነበር። ዋሻው በቀጥታ ወደ ባዶው እየሄደ ነው፤ የሚሠሩት ሰዎች ላይ ይወርዳል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ይከተላል አሉ። ይህንን ለመሐንዲሱ ጻፍልኝ፣ ዛሬውኑ ይዤው እወጣለሁ አሉ።

«ለምን በስብሰባው ላይ አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ተገዝቼ።»

«ታዲያ አሁን ተፈቱ?»

«አልተፈታሁም።»

ይህን የመሰለ ነገር በሕይወቴ ሁለተኛ አልሰማሁም። አንድ ሰው ነፍሱን ይዞ መጥቶ ደጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ግን የሰማሁት አራተኛውን ምክንያት ነው። ሚካኤል አላዋጣም፣ ሙታን አላዋጡም፣ ጠበሉ አላዋጣም፤ አሁን ደግሞ የተደበቀ ዋሻ መጣ ብዬ አሰብሁ። ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ፤ እውነት ከሆነ ተሸንፌአለሁ፣ ያውም በራሴ እጅ ጽፌ።

መጀመሪያ ቦታውን ያሳዩኝ፣ ነገ ከትምህርት በኋላ አብረን እንሄዳለን፣ ከዚያ እጽፍልዎታለሁ አልኳቸው።

«ነገ ጠዋት ድማሚት ያፈነዳሉ።»

«አንድ ቀን ምን ያመጣል ገበዝ?»

ቶሎ አይመልሱም ብያለሁ። ያን ቀን ግን ጊዜ ሳይወስዱ፣ «እሺ» አሉና ዞረው ሄዱ። ደብዳቤው የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። ቀለሙ ተከፍቷል፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደብተር ማረሜን ቀጠልሁ።

የረቡዕ ጠዋቱን ያየሁት አይደለም፣ ከነበሩት ሰዎች የሰማሁት ነው። ድማሚቱ ጎሕ ሲቀድ ፈነዳ። ረፈድ ብሎ ጢሱ ሲጠራ ሦስት ሠራተኞች የተፈታውን ድንጋይ ሊያራግፉ ገቡ፤ ሦስቱም ከዓባይ ማዶ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የአገሩ ልጆች ደግሞ ከዋሻው አፍ ላይ ሆነው በባሬላ አፈር ያወጣሉ። ገበዝ ሙጬ ደርሰው ሊገቡ ሲሉ ዘበኛው በወገባቸው ያዛቸው። ያኔ ጮኹ። ባዶ ነው፣ ሥሩ ባዶ ነው፣ ውጡ፣ እያሉ ቁልፉ ከአንገታቸው እስኪበጠስ ታገሉ። አፈር የሚያወጡት ሰዎች ባሬላቸውን እየጣሉ ሮጡ። ውስጥ ያሉት ሦስቱ አልወጡም። ገበዝ ሙጬ የጮኹት በአገውኛ ነበር።

እኔ ክፍል ውስጥ ማባዛት አስተምር ነበር። ድምፁ እንደ ነጎድጓድ አልነበረም። ረጅም ነበር፤ ብዙ ከረጢት እህል በአንድ ጊዜ ሲራገፍ የሚሰማውን ይመስላል። ስንወጣ ከዋሻው አፍ ቢጫ አቧራ እየወጣ ነበር። ከጋራው አናት ላይ ቤተ ልሔሙ የለም። ሜዳው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሁለት ጽድ ሥራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተዘቅዝቀዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል፤ ግንቡ ላይ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቷል። የሁለቱን ሰዎች ሬሳ በአምስተኛው ቀን አወጡ። ሦስተኛው እስካሁን እዚያው ነው።

አገሩ የደረሰበት ፍርድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የተሰጠው። ሚካኤል አልተኛም። ገበዝ ሙጬ ስብሰባው ላይ ተናግረዋል፣ ማንም አልሰማቸውም፤ ሰባት ቀን ሄደው ጸለዩ፣ ጋራው ወረደ። እንዲያውም መሬቱን ሰንጥቀው ውስጡን አዩት፣ የአገሩን ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ጠርተው አዳኑ። እኔ በስብሰባው ያፈረስሁት የመጀመሪያው ምክንያታቸው፣ ሐሰተኛው፣ በሦስት ሬሳ ላይ ቆሞ እውነት ሆነ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መርማሪ ኮሚቴ መጥቶ በእኔው ክፍል ተቀመጠ። ገበዝ ሙጬ ሳይጠሩ ገቡ። ሚካኤል አይደለም አሉ። እኔ ዐውቅ ነበር፣ ውስጡን በእግሬ ገብቼበታለሁ፣ መጻሕፍቱን በዚህ እጄ ደርድሬአለሁ፣ ተገዝቼ ዝም አልሁ፣ ሰዎቹን የገደልሁ እኔ ነኝ አሉ። ሰብሳቢው ከሐዘን ብዛት የተነካ ሽማግሌ አድርጎ ነው ያያቸው፤ በለሰለሰ ድምፅ ይህንን ከአደጋው በፊት ለማን ነገሩ አላቸው።

«ለመምህር።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሰብሳቢው፣ «እውነት ነው? ነግረውሃል?» አለኝ።

«ገበዝ ስለ ጋራው ብዙ ጊዜ ይናገሩ ነበር። በስብሰባው ላይ ያሉትንም ሁሉም ሰው ሰምቷል» አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ዓረፍተ ነገር አልሠራሁም። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ገበዝ ሙጬ አላዩኝም፤ በትራቸውን አንሥተው ወጡ። ኮሚቴውም አደጋው የደረሰው በመሬቱ የተፈጥሮ ጠባይ መሆኑን ጽፎ ሄደ። ዋሻው ተተወ፣ መንገዱ ረግረጉን ዞረ።

እሳቸው ከዚያ ቀን በኋላ ቅጥሩን አልረገጡም። ቁልፉን አስረከቡ። ቅዳሴ ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቆመው ያዳምጣሉ፤ አይቆርቡም። ሕዝቡ ይህን ትሕትና አለው። በኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ወጥቶ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ «ሚካኤል አልገደላቸውም፤ እኔ ነኝ» ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። ሴቶች አለቀሱ። አንዲት እናት የታመመች ልጇን ይዛ የረገጡትን አፈር ስታነሣላት አይቻለሁ። ገበዝ ሙጬ በትራቸውን ጥለው እንደ ወንጀለኛ ሮጡ።

ጳጳሱ ዘንድ ግን ተመልሰው ሄደዋል። አሁን መናገር ስለሚችሉ ሁሉንም አስጻፉ፤ የጻፈላቸው ሌላ ሰው ነው፣ እኔን አልጠየቁኝም። መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ የኮሚቴውን መዝገብ አስመጥቶ አይቷል። በመዝገቡ ላይ የጋራው ጉድጓድ የተፈጥሮ ነው፤ የተሸሸገ ቦታ የለም፣ ከእሳቸው በቀር ስለ ተሸሸገ ቦታ የተናገረ ምስክር የለም። ስለዚህ ግዝት ነበረ ለማለት አይቻልም፤ ያልነበረ ግዝትም አይፈታም። ደብዳቤውን በደብሩ ቅጥር በር ላይ ካህኑ ሲያነቡላቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ካህኑ ደስ አላቸው፤ ምንም የለብዎትም ማለት ነው አሏቸው። ገበዝ ሙጬ ወረቀቱን ተቀብለው በጥንቃቄ አጠፉት። ከዚያ ወደ እኔ አላዩም። ያን ቀን እንዲያዩኝ እንዴት እንደፈለግሁ፣ እንዳያዩኝም እንዴት እንደፈራሁ ዛሬ ስጽፈው ጣቴ ይከብደኛል።

በዚያው ዓመት ዝውውር ጠየቅሁና ተፈቀደልኝ። ዕቃዬን በጭነት መኪና ላይ ስጭን መጡ። ለእንግዳ እንደሚደረገው ትንሽ ሸኙኝ፤ እስከ ረግረጉ ጠርዝ ድረስ መኪናው በቀስታ ሲሄድ አብረውኝ በእግራቸው መጡ። መኪናው ሊፈጥን ሲል የጎኑን እንጨት ያዙና፣ «በአማርኛ መጮህ ነበረብኝ» አሉኝ። ያ የመጨረሻው ነው።

ስለዚህ በዳንግላ አውቶቡስ ተራ የበርበሬው ነጋዴ ቅዱስ ሰው አረፉ ሲለኝ፣ እኔ የሰማሁት የተገዘተ ሰው ሳይፈታ ሞተ የሚለውን ነው። እሳቸው ከስብሰባው በኋላ አሥራ አምስት ቀን ያህል ዝም አሉ፤ ዝም ያሉትም ነፍሳቸው ስለታሰረች ነው። እኔ ዓመታት ዝም አልሁ። እኔን ማንም አልገዘተኝም።

ሰብሳቢው የጠየቀኝን አሁን እመልሳለሁ። ነግረውኛል። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ከክፍሌ በር ላይ ቆመው፣ አንድም ነገር ሳያስቀሩ። ሰዎቹ የሞቱት ረቡዕ ጠዋት ነው።